ሰሜን ወይስ ባሌ? ተራራውን ከመምረጣችሁ በፊት ወሩን ምረጡ

ተራራ እንደምወድ የሚያውቁ ዘመዶቼና ጓደኞቼ፣ በተለይም ከውጭ ለእረፍት ሊመጡ የተሰናዱት፣ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ «ሰሜን ተራሮች ይሻለናል ወይስ ባሌ?» እኔም መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፦ በየትኛው ወር? ከማን ጋር? እነዚህ ሁለቱ ሳይታወቁ ተራራ መምረጥ ገንዘብንም የእረፍት ቀንንም ማባከን ነው። ሁለቱንም በተለያየ ወቅት አይቻቸዋለሁ። የጥቅምት ሰሜንና የነሐሴ ሰሜን ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው።

በዝና ማወዳደር ብዙ አያራምድም፤ ሁለቱም የዓለም ቅርስ ናቸው። ሰሜን እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያው ዙር ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ በ2017 ወጣ። ባሌ ደግሞ ወረፋውን ለብዙ ዓመታት ጠብቆ በ2023 ተመዘገበ። በቁመትም ቢሆን ራስ ደጀን 4,533 ሜትር፣ የባሌው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ለእግርና ለሳንባ ይህ ያን ያህል ልዩነት አይደለም።

የሚለያዩት በመልካቸው ነው። ሰሜን ቁልቁል የሚታይ ተራራ ነው። በገደሉ ጫፍ ጫፍ ትሄዳላችሁ፤ ከእግራችሁ ሥር መሬቱ ተቆርጦ ይቀርና ከብዙ መቶ ሜትሮች በታች ሌሎች አምባዎችና ሸለቆዎች ተደርድረው ይታያሉ። ባሌ ግን ወደ ጎን የሚታይ ነው። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ በየቦታው ኩሬ፣ እዚህም እዚያም ብቻውን የቆመ፣ ጅብራ የሚባል ረጅም የደጋ ተክል፣ ከዚያ ወዲያ ሰማይ። ከሜዳው ደቡባዊ ጫፍ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወርዶ የሐረና ጫካ ውስጥ ይገባል። ከብርዱ ሜዳ ተነሥቶ በአንድ ቀን ውስጥ የጫካ ቡና በበቀለበት ጥላ ሥር ምሳ መብላት የሚቻልበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

ዝናቡ አንድ አይደለም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «በጋ ላይ እንሂድ» ይላል፤ የሰሜን በጋና የባሌ በጋ ግን እኩል አይረዝሙም።

ሰሜን ዋናውን ዝናብ የሚያገኘው በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ከባዶቹ ናቸው። በበልግ አልፎ አልፎ ቢያካፋም የቀረው ዓመት ባመዛኙ ደረቅ ነው። ባሌ ግን በልጉንም ክረምቱንም ይቀበላል። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ድረስ፣ ስምንት ወር ገደማ፣ ዝናብ ከተራራው ብዙም አይርቅም። እርግጠኛ ሆናችሁ ደረቅ የምትሉት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ብቻ ነው።

የዝናቡም ጉዳት ይለያያል። ባሌ ላይ ዝናብ ያረጥባል፣ ያጨቀያል፣ ያበርዳል፤ ልታዩት የመጣችሁትን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይወስድባችሁም። ጠዋት ብዙ ጊዜ ብሩህ ነው፤ ቀበሮውም ሆነ አጋዘኑ በካፊያ ውስጥም ይታያል። ሰሜን ላይ ግን ጉም አለ። አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ ሄጄ እሜት ጎጎ ላይ ቆሜያለሁ። በአገራችን ካሉት የመመልከቻ ቦታዎች ሁሉ የሚበልጠው ያጣሁለት እሱ ነው፤ 3,926 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሦስት በኩል ገደል። አስጎብኚያችን በዱላው እያመለከተ «በዚህ በኩል ቆላው፣ በዚያ በኩል የግጭ ሰፈር» ይለናል፤ ለእኛ የሚታየን ነጭ ብቻ ነው። ልብሳችን ሳይዘንብበት ራሰ። ተመልሰን ልንሄድ ስንነሣ ከሥር ነፋስ መጣና ጉሙ እንደ መጋረጃ ተገለጠ፤ አንድ አምባ፣ ከጀርባው ሌላ አምባ፣ ከሩቅ የወንዝ ጭረት። ዐሥር ደቂቃ ያህል ቆየና ተዘጋ። በሦስት ቀን ያየነው ገደል ያ ብቻ ነው። አልተቆጨሁበትም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ብቻ የመምጣት ዕድል ያለውን ሰው በነሐሴ ወደ ሰሜን አልክም።

እንግዲህ በወር በወሩ የምመርጠው እንዲህ ነው።

ከመስከረም ማለቂያ እስከ ኅዳር መግቢያ ሰሜን፤ እዚህ ላይ አላመነታም። ዝናቡ አየሩን አጥቦት ይሄዳል፣ ተራራው ገና አረንጓዴ ነው፣ የጅንባር ወንዝ ፏፏቴም ሙሉ ነው። በጥር ፏፏቴውን ለማየት የሚሄድ ሰው ከገደሉ ላይ የሚንጠባጠብ ክር ነው የሚያገኘው። ባሌ በዚህ ጊዜ ገና እርጥብ ነው።

ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ግን ባሌን አስቀድማለሁ። ምክንያቴ ደረቁ ጊዜው አጭር ስለሆነ ነው፤ ሰሜንን በየካቲትም ታገኙታላችሁ። በዚህ ወቅት የቀይ ቀበሮ ግልገሎችም ይወለዳሉ። ጉድጓዳቸውን ካያችሁ ከሩቅ ቁሙ፤ ሰው ከተጠጋቸው እናቲቱ ቦታ ልትቀይር ትችላለች። የሌሊቱን ብርድ አትናቁት። ሳነቴ ላይ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች በብዙ ዲግሪ ይወርዳል፤ ጠዋት ድንኳኑ በውርጭ ደርቆ እንደ ካርቶን ይንኳኳል። ጥር 11ን ጎንደር አክብራችሁ ወደ ሰሜን ለመቀጠል ካሰባችሁ ደግሞ ማረፊያ በወራት ቀድማችሁ ያዙ።

ከየካቲት እስከ ግንቦት ወደ ሰሜን እመለሳለሁ። ሣሩ ቢጫ ይሆናል፣ አየሩም በአቧራ ይደበዝዛል፤ ፎቶ አንሺ ብዙ አይወደውም። ለእግር ግን ምቹ ነው፤ መሬቱ ደረቅ፣ ሌሊቱም ለዘብ ያለ። በእነዚህ ወራት ከእሳት ተጠንቀቁ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በሰሜን ተራሮች የተነሣው እሳት ብዙ ቦታ አቃጥሎ፣ ለማጥፋት ከእስራኤል ሳይቀር ባለሙያዎች መጥተዋል። የደረቀ የጓሳ ሣርና የአስታ ዛፍ አንዲት የሲጋራ ቁራጭ ይበቃዋል።

ሐምሌና ነሐሴን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ምን ለማየት ነው የምትሄዱት?

ዋልያ ካላችሁ ምርጫ የላችሁም። ዋልያ በዓለም ላይ ሰሜን ብቻ ነው ያለው፤ የሚታይበትም የታወቀው ቦታ ጨነቅ ነው። ጠዋት በማለዳ ከሰፈሩ አጠገብ ካለው ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣችሁ ብትጠብቁ የማየት ዕድላችሁ ጥሩ ነው። ጭላዳም ባሌ ውስጥ የለም። ሰሜን ላይ ግን ለጭላዳ መፈለግ አያስፈልግም፤ ወደ ሳንቃበር ሰፈር ስትጠጉ መሐላቸው ትገባላችሁ። ሌሊቱን ገደሉ ውስጥ አድረው ጠዋት ላይ እየተንጠላጠሉ ይወጡና መጀመሪያ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይሞቃሉ። ከዚያ ቁጭ ባሉበት በሁለት እጃቸው ሣር መንጨት ይጀምራሉ። ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ የሣሩ መነጨት ድምፅ ይሰማችኋል፤ የብዙ ሰው ማጭድ በአንድ ጊዜ የሚያጭድ ይመስላል። ወንዱ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት፣ ትከሻው ላይ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው። ብስኩት አትስጧቸው፤ ሣር በል ናቸው፣ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳም ነገ የገበሬው ማሳ ውስጥ ይገባል።

ቀይ ቀበሮ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ ሰሜንም አለ፤ ግን ጥቂት ነው። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው ተብሎ ይገመታል፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ነው የሚኖረው። ሳነቴ ላይ በመኪና መስኮት እንኳ ሊታይ ይችላል። ወርዳችሁ ብትታገሡ ግን ሌላ ነገር ታያላችሁ። ሳነቴ ላይ ትልቅ ፍልፈል አለ፤ ከባሌ በቀር የትም የለም። ከጉድጓዱ አንገቱን አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ሣር ነጭቶ ወዲያው ይሰወራል። ቀበሮው ጉድጓዱ አፍ ላይ ጆሮውን ወደ ፊት አቅንቶ ይቆማል። ብዙ ደቂቃ አይንቀሳቀስም። አንዱን እግሩን አንሥቶ ሳያሳርፍ ሲቆይ አይቻለሁ። ከዚያ ይዘላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይስታል፣ አቧራውን አራግፎም ወደ ቀጣዩ ጉድጓድ ይሄዳል። የአካባቢው ኦሮሞዎች ጄዳላ ፈርዳ፣ የፈረስ ቀበሮ ይሉታል፤ ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ተከትሎ የእንግዴ ልጇን ስለሚጠብቅ ነው። ከአደን ይልቅ የሚጨርሰው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ስለሆነ፣ ማንም ሰው ውሻ ይዞ ወደዚያ ባይሄድ እወዳለሁ።

ባሌ ሌላም አለው። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ባለበት ዲንሾ፣ ከግቢው ሳትርቁ የደጋ አጋዘን፣ የምኒልክ ድኩላና ከርከሮ ታያላችሁ። የደጋ አጋዘን ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ፣ በባሌ፣ በአርሲና በጨርጨር ደጋዎች እንጂ ሌላ ቦታ አይገኝም። ወፍ ለሚወድ ሰው ደግሞ ከኅዳር እስከ የካቲት ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ወፎች በኩሬዎቹ ላይ ይሰፍራሉ።

ከፍታ፦ መኪናው ያመቻል፣ ሰውነት ግን ቀን ይፈልጋል

ስለዚህ ነገር ብዙ የማወራው ሰው ሲጎዳ ስላየሁ ነው። «እናቴ እርጅና ይዟታል፣ እግር ጉዞ አትችልም፤ ባሌ በመኪና ስለሚወጣ እሱ ይሻላል» የሚሉኝ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ከጎባ የሚነሣው መንገድ ሳነቴን አቋርጦ ያልፋል፤ ከሱም ተገንጥሎ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ መኪና የሚያወጣ መንገድ አለ። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ከሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በአንድ ጠዋት 4,377 ሜትር ላይ የሚገኝ ሰው ሳይደክመው የከፍታ ሕመም ሊይዘው ይችላል። በእግሩ የወጣ ሰው ቢያንስ ቀስ ብሎ ነው የወጣው።

ደንቡ ቀላል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከወጣችሁ በኋላ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ማደሪያ ከ500 ሜትር በላይ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ቀን ከፍ ብሎ መዋልና ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ይቻላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው፤ እነሱ እያሉ ወደ ላይ መቀጠል ልክ አይደለም። ሰው መንገዳገድ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ማጠር ከጀመረ ሌሊትም ቢሆን ማውረድ ነው፤ ነገ ጠዋት አይጠበቅም። ልብና ሳንባ የሚያምመው፣ ነፍሰ ጡርና ሕመሙን በቃል መናገር የማይችል ሕፃን ይዞ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

በዚህ ረገድ ሰሜን በተፈጥሮው ደረጃ ደረጃ አለው፦ ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ፣ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620። በየአንዳንዱ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ብዙም አይቸገርም። ባሌ ላይ ይህን ራሳችሁ ማበጀት አለባችሁ፦ መጀመሪያ ዲንሾ ሁለት ሌሊት እደሩ፣ ጋይሳይ ሜዳ ላይ ተንሸራሸሩ፣ ከዚያ ነው ሳነቴ። አረጋዊ ወላጅ ካለ ሳነቴን በመኪና አቋርጦ ወደ ሪራ መንደርና ወደ ሐረና ጫካ መውረድ እንጂ ላዩ ላይ ማደር አልመክርም።

የእግር ጉዞው

ሰሜን ላይ ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ፣ በግጭና በእሜት ጎጎ በኩል፣ ሦስት ወይም አራት ቀን የሚወስደው መንገድ ለእኔ በአገሪቱ ካሉት ሁሉ ይበልጥብኛል። ራስ ደጀንን ካልወጣሁ የሚል ሰው ከጨነቅ ቧሂትን ተሻግሮ እስከ መሸሃ ወንዝ ይወርዳል፣ ወደ አምቢቆ ይወጣል፣ በነጋታው ጫፉን ነክቶ ይመለሳል። ጉልበት የሚጨርሰው ከፍታው ሳይሆን መውረድ መውጣቱ ነው። በግልጽ ልናገር፦ ከራስ ደጀን ጫፍ የሚታየው ከእሜት ጎጎ የሚታየውን አያህልም። የአገሪቱን ትልቁን ጫፍ መርገጥ ለብቻው ደስታ ነውና ለዚያ የሚሄደውን አልከለክልም፤ ለእይታ ብቻ ከሆነ ግን ሁለቱን ቀን ግጭ ላይ አሳልፉት።

ባሌ የፈረስ አገር ነው። ሰሜን ላይ ጓዛችሁን በቅሎ ይሸከማል፣ እናንተ ትሄዳላችሁ፤ ባሌ ላይ እናንተም ፈረስ ላይ ትወጣላችሁ። ከዲንሾ ተነሥቶ በወብ ሸለቆ በኩል የሚደረገው ጉዞ ዝግ ያለ፣ ሰፊ፣ ዝም ያለ ነው። ጉልበት የሚያመው ግን ፈረስ የማይፈራ ሰው እዚህ ይደሰታል፤ ልጆችም እንደዚሁ። ሶፍ ዑመር ዋሻን ከጉዞው ጋር ማያያዝ የምትፈልጉ ከሆነ በደረቁ ወር አድርጉት፤ ዋሻውን የሚያቋርጠው የወብ ወንዝ ሲሞላ መግባት አይቻልም።

ምግብ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። 3,600 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምስርና ባቄላ ለመብሰል ብዙ ጊዜ ይፈጃል፣ ጋዙም ያልቃል። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ አያቶቻችን ለመንገድ የመረጧቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ጋቢ ለምሽት ወዳጅ ነው፤ ግን ጥጥ ስለሆነ ከራሰ አይሞቅም፤ ከላይ ዝናብ የማያሳልፍ ነገር ይኑራችሁ።

መንገዱ ራሱ

ባሌ ለአዲስ አበባ ይቀርባል፤ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሮቤም አውሮፕላን ማረፊያ አላት። ወደ ሰሜን አብዛኛው ሰው ጎንደር በአውሮፕላን ይደርስና 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደባርቅ ይነዳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን በአማራ ክልል ያለው ግጭት ይህን ምርጫ ለውጦታል። ባለፈው ሳምንት የተከፈተ መንገድ በዚህ ሳምንት ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ከወር በፊት ያነበባችሁትን አትመኑ፤ ከመነሣታችሁ በፊት በነበረው ሳምንት ደባርቅ ወዳለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውሉ፣ ከጎንደር በዚያ ሰሞን መንገዱን የነዳ ሰው አነጋግሩ። ወደ ባሌም ስትሄዱ እንዲሁ አድርጉ። የመንገዱ ነገር አጠራጣሪ ከሆነ ሰሜንን ለሌላ ዓመት አቆዩት፤ ተራራው የትም አይሄድም። እኛ ባልሄድንበት ዓመት የሚጎዱት ግን በቅሎ ነጂው፣ አብሳዩና አስጎብኚው ናቸው፤ ሲረጋጋ ቀድማችሁ ሂዱላቸው።

ሦስት ቀን ብቻ ላለው ሰው ሦስተኛ ምርጫ መንዝ ጓሳ ነው። ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እዚያው ነው። ሕዝቡ በመንግሥት ሳይሆን ቄሮ በሚባል በራሱ ባህላዊ ሥርዓት፣ የጓሳውን ሣር ለዓመታት ዘግቶ በተወሰነ ቀን እየከፈተ፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጠበቀው ቦታ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይሆናል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል። የጸጥታው ማሳሰቢያ እዚህም ይሠራል። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ደግሞ ወንጪ፤ ከሐይቁ አፋፍ ቁልቁል በፈረስ ወርዶ በጀልባ መሻገር ለልጆች በቂ ጀብዱ ነው።

እረፍታችሁ ሐምሌና ነሐሴ ብቻ ከሆነ

ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለሚመጡ ቤተሰቦች የልጆች ትምህርት የሚዘጋው ያኔ ነው፤ «ጥቅምት ላይ ኑ» ማለት መልስ አይሆንም። ለእናንተ የምመርጠው ባሌ ነው፣ ግን በዚህ አኳኋን። ድንኳን ተዉት፤ ዲንሾ ወይም ጎባ ጣራ ሥር እደሩ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥታችሁ እስከ 6 ሰዓት ያለውን ጊዜ ተጠቀሙበት፤ ከሰዓት በኋላ ያለውን ለዝናቡ ልቀቁለት። ሳነቴን ጠዋት አቋርጡ፤ በዚህ ወቅት አምባው አረንጓዴ ነው፣ ቀይና ቢጫ አበቦችም መንገዱን ይከተሉታል፤ በጥር የሚመጡት ይህን አያዩትም። ቀኑ ከከበደ ወደ ሐረና ውረዱ፤ ጫካው በጉም ውስጥ የበለጠ ያምራል፣ ማሩና ቡናውም እዚያው ይገኛል። ከሐረና ዝቅ ብሎ በደሎ መና በኩል ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ናቸውና ልብሳችሁን የምታደርቁበት ፀሐይ አታጡም። ለልጆቹ የጎማ ቦት ጫማ ከአዲስ አበባ ገዝታችሁ ሂዱ፤ ሮቤ ላይ በልካቸው ላታገኙ ትችላላችሁ።